የእናቴን ስድስት ጥማድ ለአስር ዓመት በጥሬ ብር ላከራይ ወይስ በእኩል ይቀጥል? (ሞረትና ጅሩ)

የእነዋሪ ልጅ

ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ እናቴ ግን እነዋሪ አካባቢ ገጠር ናት። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ስድስት ጥማድ መሬት አለን፣ አንድ ሄክታር ተኩል ግድም ማለት ነው። አምስቱ ጥማድ ዋልካ ነው፣ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ አንዱ ብቻ ከቤቱ ጀርባ ያለ ቀይ አፈር።

አባቴ ካረፈ ወዲህ የጎረቤት ልጅ በእኩል ያርሰዋል። ዘሩን እሱ ይችላል፣ ማዳበሪያውን እኩል እናዋጣለን፣ ምርቱን አውድማ ላይ ለሁለት እንካፈላለን። ልጁ ታማኝ ነው፣ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ግን ያለው አንድ ጥማድ በሬ ነው፣ መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው፣ የኛ መሬት ተራው ሲደርሰው ሁሌም ዘግይቷል።

አሁን አንድ ከተማ የሚኖር እህል ነጋዴ መጣና የአስር ዓመት ኮንትራት ስጡኝ፣ ብሩን በአንድ ጊዜ ቆጥሬ እሰጣለሁ አለ። የጠራውን ብር እዚህ አልጽፍም፣ አገር ትንሽ ነው ሰው ያውቀናል። ግን በዛሬው የጤፍ ዋጋ ስመታው ሠላሳ ኩንታል ነጭ ጤፍ ቢገዛ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ብዙ መስሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሁሉም ባንዴ እጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል።

በዚህ መሀል አዮዋ፣ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእናቴ ደውሎ «እዚህ አንድ ኤከር አስራ አንድ ሺህ ዶላር ነው፣ እናንተ እኮ በነፃ ልትሰጡ ነው» ብሏት ሴትዮዋን አስደነገጣት። አሁን በደወልኩ ቁጥር «የኔ መሬት ታዲያ ስንት ያወጣል?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የማይሸጥ ነገር ስንት ያወጣል ይባላል?

ደነባ ነኝ

ወንድሜ መጀመሪያ ሂሳቡን በብር መሥራት ተው። በኩንታል ሥራው።

በደህና ዓመት ዋልካ ላይ ከጥማድ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ኩንታል ጤፍ ይገኛል። ስድስቱ ጥማድ ሃያ ኩንታል ሰጠ እንበል። የእናትህ ድርሻ አስር ነው። ከእሱ ላይ የማዳበሪያ መዋጮዋን ቀንስ። ሰውዬው እንግዲህ የሦስት፣ ቢበዛ የአራት ዓመት ድርሻዋን ሰጥቶ አስር ዓመት ሊያርስ ነው። ነጋዴ ነው፣ አልፈርድበትም፣ እሱ ሂሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው። አንተ ነህ ሳትሠራ የቀረኸው።

ደግሞ አንድ ነገር ረስተሃል። ገለባው! በኛ አገር ገለባ ትርፍራፊ አይደለም እኮ። የጅሩ ሰንጋ እየተባለ አዲስ አበባ ድረስ የሚጠራው በሬ በምን የሚደልብ ይመስልሃል? የጤፍ ጭድ በአሁን ጊዜ እንደ እህል ነው የሚቆጠረው፣ ክረምት ሲገባማ ገንዘብ ይዘህ ዞረህም አታገኘውም። በእኩል ሲታረስ ገለባውም ይካፈላል። ኮንትራት የያዘው ሰው ግን እህሉንም ገለባውንም ጭኖ ነው የሚሄደው፣ እናትህ አንድ ላም ካላት እንኳ የምታበላት አታገኝም።

መዘግየቱን በተመለከተ ግን ልጁን ብቻ አትውቀስ። ዋልካ በባህሪው እንደዚያ ነው። ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛበታል፣ በሬ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። የድሮ ሰዎች ውኃው እስኪሸሽ ጠብቀው ነሐሴ መጨረሻ፣ መስከረም ላይ ነበር ምስርና ጓያ የሚጥሉበት። እነዋሪ ላይ ግን እናቶቻችንና ልጆች በእጃቸው አፈሩን እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ያወጡ ነበር፣ ውኃው በቦዩ እንዲወርድ። እኔም በልጅነቴ ጀርባዬ እስኪሰነጠቅ ሠርቻለሁ። ኋላ ላይ መደብና ቦይ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት ቢቢኤም የሚሉት መሣሪያ መጣና ስንዴ ቀደም ብሎ መዝራት ተቻለ። የእናትህ ማሳ ላይ ቦይ ይወጣል አይወጣም? እሱን ጠይቅ። ቦይ ያልወጣለት ዋልካና የወጣለት ዋልካ ጎን ለጎን ቢሆኑም አንድ መሬት አይደሉም።

ከአዮዋ

የአክስትህ ልጅ እኔ አይደለሁም ሃሃ። ግን ዘጠኝ ዓመት አዮዋ ኖሬአለሁ፣ መኪና እነዳለሁ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ከየገበሬው ጎተራ እየጫንኩ። ትውልዴ መርሐቤቴ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አገር ትንሽ አውቃለሁ፣ ልጁ እናትህን ያስደነገጠበትን ነገር ልግለጽልህ።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የእርሻ መሬት ዋጋ ያጠናል፣ ክልሉ ውስጥ ያሉት 99 ካውንቲዎች (እንደኛ ወረዳ ናቸው) እያንዳንዳቸው ዋጋ ይወጣላቸዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 አማካዩ 11,467 ዶላር ነበር በኤከር። አንድ ኤከር አንድ ጥማድ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ወደ ሄክታር ስታመጣው 28 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ሰሜን ምዕራብ ያሉት ሱ እና ኦብራየን የሚባሉት ካውንቲዎች ከዚህ በጣም ይወደዳሉ፣ ደቡብ ያለው ዲኬተር ደግሞ ግማሹን ያህል ነው። ምክንያቱ አፈሩ ነው። እዚህ አገር እያንዳንዱ መሬት ከመቶ ነጥብ አለው፣ እንደ ተማሪ። ገበሬዎች ሁለት ሆነው ሲያወሩ «የኔ 88 ነው» ይባባላሉ። ሻጭና ገዢ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ግን ልጁ ያልነገራት ነገር አለ። ኪራዩስ ስንት ነው? በ2025 አማካይ ኪራይ በኤከር 274 ዶላር ነበር። አካፍለው። መሬቱን የገዛ ሰው ያወጣውን ገንዘብ በኪራይ ብቻ ልመልስ ቢል 40 ዓመት ይፈጅበታል! ማለት ሰው የሚገዛው ለዘንድሮው በቆሎ ብቻ ብሎ አይደለም፣ ነገ ይወደዳል፣ ለልጄ ይቀራል ብሎ ነው። መሸጥ ስለሚቻል ነው ያ ዋጋ የመጣው። አፈሩማ የኛም ጥቁር ነው።

መሸጥ መቻሉ ደግሞ ሁልጊዜ ጸጋ አይደለም። በ1981 አማካዩ 2,147 ዶላር ደርሶ ነበር። ሰው መሬቱን እያስያዘ ተበደረ፣ ሌላ መሬት ገዛ፣ ትራክተር ገዛ። ከዚያ ወለድ ናረ፣ እህል ወደቀ፣ በ1986 መሬቱ 787 ገባ። ባንኮች ሳይቀሩ ተዘጉ። ብዙ ሰው አያቱ ያቀናውን መሬት በጨረታ ሲሸጥ ቆሞ አየ። አንድ እህል የምጭንለት ሽማግሌ ገበሬ አለ፣ ያን ጊዜ ሲያነሳ አሁንም ድምፁ ይቀየራል። እኔ ደግሞ በልቤ አባቴ ስለ 77ቱ ድርቅ ሲያወራ እንደዚያ ነበር እላለሁ። ነገሩ ሌላ ነው፣ ፊቱ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እዚህም የሚያርሰው ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ አይደለም፣ ከግማሽ በላዩ በኪራይ ወይ በድርሻ የተያዘ ነው። ሁለት ሦስተኛው መሬት ደግሞ ዕድሜያቸው 65 ባለፈ ሰዎች እጅ ነው፣ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የሴቶች ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ከተማ የገቡ፣ የጎረቤት ልጅ የሚያርስላት ሴት አዮዋም ሞልታለች ልልህ ነው። እሷ ግን አስር ዓመት በአንድ ዋጋ አታስርም። ብዙው ውል የአንድ ዓመት ነው፣ ረዘም ካለ ሁለት ሦስት ዓመት፣ የእህል ዋጋ ሲያድግ ኪራዩ አብሮ የሚያድግበት ውልም አለ። ዶላር ይዘው እንኳን አስር ዓመት የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። አንተ ብር ይዘህ!

ደነባ ነኝ

@ከአዮዋ ወንድሜ ተባረክ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ያ ጥቁር አፈር ውኃ አይተኛበትም?

ከአዮዋ

ኧረ እንዴታ! ይሄን ነበር ልነግርህ የነበረው። ሰሜኑና መሀሉ ድሮ ረግረግ ነበር፣ ሰረገላ የሚውጥ። አሁን የምታየው ሜዳ ሁሉ ከሥሩ ቧንቧ አለበት። በድሮ ጊዜ የሸክላ ቧንቧ እየቀበሩ ነበር ውኃውን የሚያወጡት፣ አሁን ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው። ቧንቧው ወደ ትልቅ ቦይ ይወርዳል፣ ቦዩ ወደ ወንዝ። አንተ ብቻህን ብትቀብር ውኃህ ጎረቤትህ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ስለዚህ በአንድ ተፋሰስ ያሉት በካውንቲው በኩል ተደራጅተው ወጪውን እንደ ጥቅማቸው ይካፈላሉ፣ በሕግ ነው፣ እምቢ ማለት የለም። መሬት ለሽያጭ ሲቀርብ ከነጥቡ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ቧንቧ አለው ወይ» ነው። በቆሎው ከኤከር 50 ኩንታል ግድም የሚሰጠው በዘርና በማዳበሪያ ብቻ አይደለም፣ ውኃው መሄጃ ስላገኘ ነው። አንተ ያልከው የእነዋሪ መደብና ቦይ ከላይ ሲሆን የእነሱ ከመሬት በታች ነው፣ ሥራው ግን ያው ነው።

ቀለሙ ያልደረቀ

እኔ ደግሞ አንድ ጥማድ ላይ ሦስት ወንድማማች እየተፋጀን ነው፣ እናንተ ስለ አዮዋ 😂 ለማንኛውም ተምሬአለሁ፣ ቀጥሉ።

መዝገብ ቤት የኖርኩ

የመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ነበርኩ፣ አሁን ለቅቄአለሁ። ዋጋውን ትታችሁ ወረቀቱን እንይ፣ ሰው የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ማከራየት ግን ይቻላል። ችግሩ አንዳንዱ ሰው ሽያጩን ኪራይ ብሎ ያለብሰዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የስጦታ ውል ያስፈርማል። «ለረዥም ጊዜ ስለሆነ ለአሠራር እንዲመች ስጦታ እንበለው» የሚላችሁ ሰው ካለ ሩጡ። እንደዚህ ተብለው ፈርመው ከዓመታት በኋላ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ። የፈረሙትን አሳይቻቸው ነው የሚያለቅሱት።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ደብተሩ በማን ስም ነው? የኛ ክልል ደብተር የባልም የሚስትም ፎቶ አለበት፣ ግማሹ የእናትህ እንደሆነ ያ ማስረጃ ነው። የአባትህ ድርሻ ግን ወራሽ አለው። አንተ አለህ፣ ሌላም ወንድም እህት ሊኖር ይችላል። የውርሱ ጉዳይ ተጣርቶ ደብተሩ ሳይስተካከል የአስር ዓመት ውል መፈረም ነገ ከወንድምህ ጋር ፍርድ ቤት መቀጣጠር ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ጓሮ ላይ በሦስት ሽማግሌ ፊት የሚደረገው ነገር ባህሉ ጥሩ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ግን ያረጃሉ።

ሌላው በጨረፍታ፣ አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር እንዲችል ፈቅዷል። መሬቱ አይሸጥም፣ የመጠቀም መብቱ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ኮንትራቱ የታሰበው ብር ቸግሯችሁ ከሆነ፣ ሌላም በር አለ ለማለት ነው። ደግሞ የአዮዋን የ1986ቱን ታሪክ ከላይ አንብባችኋል። ድሮ ወለድ አገድ ይባል የነበረውን አያቶቻችን ያውቁታል፣ ብሩ እስኪመለስ አበዳሪው ያርሰዋል፣ ብሩ ደግሞ አይመለስም።

ጠባሴ

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። «የማይሸጥ ነገር ስንት ያወጣል» ላልከው፣ መንግሥት ሲወስደው ያወጣለታል ወንድሜ። ከተማው እየሰፋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም መጥቶ፣ እኛ ሠፈር ይሄን በደንብ ተምረናል። በአዋጅ 1161/2011 መሬቱ ለዘለቄታው ከተወሰደና ምትክ መሬት ካልተሰጠህ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ያገኘህበት ዓመት ተወስዶ በ15 ይባዛል። በፊት በነበረው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ መሬትህ የአስራ አምስት ዓመት ምርት ነው ዋጋው። አሜሪካኖቹ 40 ዓመት ኪራይ፣ እኛ 15 ዓመት ምርት፣ ነጋዴህ ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ድርሻ 😄

ደግሞ ገቢው የሚሰላው ምን እንደዘራህ ታይቶ ነው። እኛ ጋ ገበሬው ገብሱን እየተወ ባሕር ዛፍ ሞላው። ውርጭ አይፈራም፣ በሬ አይፈልግም፣ ዘበኛ አይፈልግም፣ ልጅ ከተማ ሲገባ ተክሎት ይሄዳል። ጎረቤቴ የዘራው የቢራ ገብስ ግን ከባሕር ዛፉ አጥር ጎን ያለው አስር እርምጃ ያህል ቢጫ ሆኖ ነው የሚቀረው። እናትህ ኮንትራት ከሰጠች ሰውዬው ባሕር ዛፍ እንዳይተክል ውሉ ላይ አስገቡ። ጅሩ ላይ አይደፍርም ትሉ ይሆናል፣ አስር ዓመት ግን ረዥም ነው።

የሸዋሮቢት

እዚህ ቆላው ላይ ነገሩ ሌላ ነው። መስኖ የሚገባው መሬትና የማይገባው በአንድ ቃል አይጠራም። ሽንኩርት የሚያወጣ ጥማድ ኪራዩ ማሾ ከሚዘራበት ጋር አይገናኝም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብር ተቀብዬ ሰጥቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሽንኩርት ሰማይ ወጣ፣ ተከራዬ ቤት ሠራ፣ እኔ በብሬ ሁለት ፍየል ገዝቼ አንዷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከዓመት በላይ አልሰጥም።

እና ብሩን አስቡት። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ይተመን ሲባል 57 ብር የነበረው በጥቂት ወር ውስጥ ከመቶ አለፈ። የዚያን ዓመት ሰኔ የአስር ዓመት ኪራዩን በጥሬ ብር ተቀብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ካለ አንድ ሻይ ጋብዙት።

የእነዋሪ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የአዮዋውን ሾፌር በተለይ። ትናንት ማታ ለእናቴ ደውዬ ጠቅላላውን ነገርኳት፣ 40 ዓመቱንም 15 ዓመቱንም። አዳመጠችኝ አዳመጠችኝና «ቧንቧውን የቀበሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው ወይስ መንግሥት?» አለችኝ። ራሳቸው ተካፍለው ነው አልኳት። «እኛም እኮ በደርግ ጊዜ ከነእትዬ ማሳ ጋር አንድ ቦይ ነበረን፣ ከሽግሽጉ በኋላ ባለቤቱ ተለያየና ደፈኑት» አለች። የ89ኙን የመሬት ሽግሽግ ነው የምትለው። እኔ ያን ቦይ ኖሮ አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ ሁልጊዜ ከብት የምናሳልፍበት ዝቅ ያለው ቦታ እሱ ነው።

ነጋዴውን አንሰጥም ብለነዋል። ትንሽ ተቆጣ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት በእህል ይሁን ብሎ ሌላ ሐሳብ ላከ፣ ማለት መጀመሪያም ይችል ነበር። እናቴ ግን ለጎረቤት ልጅ ነው የምቀጥለው ብላለች። በሬ እንዲቀናጅ ከአጎቴ ልጅ ጋር አነጋግራዋለች፣ ማዳበሪያውን በሙሉ እኔ ከዚህ እልካለሁ፣ እሱ በምትኩ ሰኔ ላይ የኛን ቦይ አስቀድሞ ያወጣል። የውርሱን ጉዳይ ለፋሲካ ስሄድ ከእህቶቼ ጋር ወረዳ ሄደን እንጀምራለን። ደብተሩን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ አባቴ ፎቶው ላይ ኮቱን ተውሶ ነው የለበሰው፣ እጅጌው ይረዝማል።

@ደነባ ነኝ፣ ገለባውን ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ ሳትካፈል ሙሉውን እሷ ነበር የምትወስደው፣ ልጁ አፍሮ ዝም ብሎ ኖሯል። «ዘንድሮ ግን ቢጠይቅስ?» አልኳት። «ይጠይቃ፣ መልሱን አውቃለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።